በጫካው ዳር የተሰቀለችው ከበሮ

ተረት ላወራ ነው፤ የሚሰማ ቀረብ ይበል፣ የሚፈራ እሳቱን ይቆስቁስ።

ድሮ አንዲት ከበሮ ነበረች። አንደኛው ፊቷ የበሬ ቆዳ፣ ሌላው የፍየል ቆዳ ነበር። ፍየሏ በሕይወት ሳለች ሁለት ግልገሎች ነበሯት። ወንዱን ነብር በላባት፤ ሴቷ ግን እናቷ ታርዳ ቆዳዋ ከተወጠረም በኋላ ከመንጋው ጋር ትግጥ ነበር።

መንደርተኛው ጫካውንና አውሬውን ሊጠብቅ ተማምሏል። አዳኝ ሲገባ ጠባቂው ጋሽ ወርዶፋ ከበሮዋን ይመታሉ፤ ሰዉም ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይመልሰዋል።

አንድ ቀን ጠመንጃ ያነገተ ሰው ገባ። ጋሽ ወርዶፋ ሮጠው መቷት። ጭቃ የመቱ ይመስል ድምፅ የለም። ደግመው መቷት። ምንም።

ነብሩ ከቁጥቋጦው አጮልቆ፣ “እባክሽ ጩኺ፣ ሊገድለኝ ነው!” አላት።

“ልጄን ነጥቀህ ስትሄድ ጮኼ ነበር። ሰማኸኝ?” አለችው።

የጮኸው ጠመንጃው ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ጫካው ጭር አለ። ነብሩን ይፈሩ የነበሩት ከርከሮዎች ግን ወጥተው በቆሎውን ከነሥሩ ጠራርገው በሉት። ረሃብ ገባ። ሰዉም ፍየሎቹን አንድ በአንድ እያረደ ጨረሰ።

ቆይቶ የከበሮዋ የበሬ ቆዳ ተቀደደ። ጋሽ ወርዶፋ በምትኩ አዲስ የፍየል ቆዳ ወጠሩባት።

“በይ እስቲ፣ አሁንስ ድምፅሽን አሰሚን” ብለው በመዳፋቸው መታ አደረጓት።

መንደሩ የሰማው የከበሮ ድምፅ ብቻ ነው። እሷ ግን ከወዲያኛው ፊቷ፣ በባዶ ሆዷ ውስጥ አልፎ የሚመጣ፣ የምታውቀው የልጅ ድምፅ ሰማች።

“እማዬ፣ ያን ዕለት ለምን ዝም አልሽ?”