ያልተበላሸው ኦራል

በአንድ የጦር ሰፈር ውስጥ መልስ የማያጣ ሽማግሌ መካኒክ ነበር። የሰፈሩ መኪና አንድ አሮጌ ኦራል ብቻ ነው። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን ያያል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ከሥሩ ገብቶ መገጣጠሚያውን ሁሉ ግራሶ ይቀባል። ከዚያ ጥላ ፈልጎ አረፍ ይላል።

አንድ ቀን አዛዡ ሻለቃ አንዳርጌ እንዳረፈ ደረሱበት። ሻለቃው ሰውን በሰው ፊት ማሳጣት ይወዳሉና ወታደሮቹን ሰበሰቡ።

«እኔ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ይሄ መኪና ስንት ጊዜ ተበላሸ?»

«አንድም ቀን፣ ጌታዬ።»

«ስንት ጊዜ ጠገንከው ታዲያ?»

«አንድም ቀን።»

«ሰማችሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተበላሸ መኪና ሥር እየተንጋለለ ቀለብ ይበላል! ከነገ ጀምሮ ወጥ ቤት ገብተህ ሽንኩርት ትልጣለህ!»

ወታደሮቹ ሳቁ። ሽማግሌው ግን ኦራሉን አየት አደረገ፤ ከእሱ ሌላ ማን ሥሩ ይገባለታል? እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እሺ፣ ጌታዬ። ለመሆኑ እርስዎ ከመጡ ወዲህ ጠላት ይህን ሰፈር ስንት ጊዜ አጠቃው?»

«ማን ደፍሮ!» አሉ ሻለቃው ደረታቸውን ነፍተው። «አንድም ቀን!»

«ስንት ጊዜ ተዋጉ ታዲያ?»

«አንድም ቀን፣» አሉ ሻለቃው።

«እንግዲያው፣ ጌታዬ፣» አለ ሽማግሌው እጅ ነስቶ፣ «ለወጥ ቤቱ ሁለት ቢላዋ እንዲያዘጋጁልን ይዘዙልን።»