የተፈታው የድርቆሽ ሰብሳቢ

አንድ የድርቆሽ ገበሬ ነበረ። ቆይ፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ! ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። «ከስፌት ሱቄ ፊት ለፊት የከፈተው ልብስ ሰፊ ላይ እጄን አላነሳሁም፤ ስሙንም አላጠፋሁም። ደንበኛ ሲገባለት በልቤ ብቻ ያቃጥለኛል። ታዲያ ማንን በደልኩ?» ነው ያልከኝ። እሺ፣ ቁጭ በልና ስማኝ።

ይህ ገበሬ ወንዝ ዳር ሰፊ የሣር መስክ ነበረው። ቤቱ የሚተዳደረው በወተት ላሞች ነው። ላሞቹ ደግሞ በጋውን የሚወጡት ከዚያ መስክ በሚገባው ድርቆሽ ነው። ድርቆሹ ደህና ከገባ ቤቱ ደህና ነው፤ ከተበላሸ ግን ላሞቹ ይከሳሉ፣ ወተቱም ይነጥፋል። ከወንዙ ማዶ የአበልጁ መስክ ነበር። አበልጁ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳለት፣ ክፉውንም ደጉንም አብሮት ያየ ሰው ነው። ሁለቱ ተጋግዘው ትራክተርና የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ገዝተው በየተራ ይሠሩበት ነበር።

ማሽኑ የታጨደውን ሣር እየለቀመ ይጠቀጥቅና በሲባጎ አስሮ፣ አራት ማዕዘን አድርጎ ከኋላው ይጥለዋል። ሰዉ «ቤል» ይለዋል። ችግሩ በየሄደበት መጣሉ ነው፤ አንዱ እዚህ ወድቆ ይቀራል፣ አንዱ እዚያ። ያንን ሁሉ እየለቀሙ ጋሪ ላይ መጫን ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ስለዚህ መንደሩ በወንፈል ይወጣል። ጥሪ የለም፣ ልመና የለም፤ የማሽኑ ድምፅ ከየትኛው መስክ እንደመጣ ሰምቶ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ልማዳቸው እንዲህ ነበር።

አንድ ዓመት ታዲያ አበልጁ ከከተማ አንድ ነገር አስመጣ። ከማሰሪያው ማሽን ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተት፣ ሰፊ የብረት አልጋ የሚመስል ነገር ነው። «ሰብሳቢ» አሉት። ማሽኑ የሚጥለው ቤል መሬት ሳይነካ እዚያ ውስጥ ይደረደራል። ስምንት ሲሞላ የኋላ በሩ ይከፈትና ስምንቱም አንድ ላይ መሬት ላይ ይቀራሉ። ጋሪው አንድ ቦታ ቆሞ ስምንቱንም ይጭናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ተአምር የለበትም።

የእኛን ገበሬ ግን እንቅልፍ ነሳው።

የመጀመሪያውን ቀን ወንዙ ዳር ቆሞ ሲያይ ዋለ። ቤሎቹ ስምንት ስምንት ሆነው ማዶው ላይ በሥርዓት ተቀምጠዋል። ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ኧረ እንዴት ያምራል! እሰይ፣ የሰው ወገብ ሊያርፍ ነው» አለች።

«መሬቱን ይጨፈልቀዋል» አላት።

«ትራክተሩ ሲሄድበት ያልተጨፈለቀ መሬት፣ በዚህ ይጨፈለቃል?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ከርሞ ሣር አይበቅልበትም።»

«ወይ አንተ ሰው፣ ዛሬ ምን ነካህ?» ብላ ትታው ሄደች። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከማዶ አልነቀል አለ። ማሽኑ ቀጥ ሲል «ተሰበረ!» ይልና ልቡ ሞቅ ይለዋል። ለካ አበልጁ ሲባጎ ሊቀይር ነው የቆመው፤ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ያ ሙቀት ይበርድበታል። ጠጅ ቤት ሲገባ ወሬው ስለ ሰብሳቢው ነው። ቤቱ ሲገባ የገዛ ልጁ «የክርስትና አባቴ ሰብሳቢ» እያለ ያወራለታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከተራራው በስተጀርባ ዳመና ብቅ አለ። ይታይህ እንግዲህ፣ የድርቆሽ ሰው ነው፤ የራሱም ሣር ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል። እሱ ግን ቀና ብሎ ዝናብ ተመኘ! ዳመናውን ነፋስ ሲወስደው አንድ ነገር እንደቀሙት ሰው ተናደደ።

እጁን ግን አላነሳም፣ ስምም አላጠፋም። አበልጁን ባገኘው ቁጥር «እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል፣ ጥርሱን እያሳየ። አየህ? ልክ እንዳንተ ጨዋ ነው።

አበልጁ ሥራውን ጨርሶ አንድ ማለዳ ትራክተሩን እየነዳ ደጁ ድረስ መጣ።

«አበልጄ፣ ተራህ ደረሰ» አለው። «ሰብሳቢውን አልፈታሁትም፤ እንደተቀጠለ ሥራበት። እኔና አንተ ያንተ የእኔ ልንባባል ነው እንዴ?»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ውስጡ ግን ድብን አለ። ቢከለክለው ኖሮ እኮ ደስታው ነበር! «ስስታም ነው» ብሎ አርፎ ይጠላው ነበር። አሁን ይሄን ደግነት የት ያድርገው?

ትራክተሩን አስነስቶ በመንደሩ መሀል አለፈ። ሰዉ ከየደጁ ወጥቶ ከኋላ የሚጎተተውን አየ። «ታድለህ! ዘንድሮስ እኛንም አትፈልገን» አለው አንዱ ጎረቤት እየሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ አለፈ። መስኩ ሲደርስ ትራክተሩን አቆመና ወረደ። ግራ ቀኙን አየ። ማያያዣውን ብረት መዘዘና ሰብሳቢውን ፈታው። እየገፋም ወስዶ ቁጥቋጦ ሥር አቆመው።

ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ ቤሎቹ እንደ ድሮው መስኩን ሞልተው ተበታትነዋል። ሰብሳቢውን ቁጥቋጦ ሥር አየችው።

«ምነው ፈታኸው?»

«በሰው ብረት ሰበሰበ አልባልም። እኔ ወንፈል አለኝ። ሰው እንዴት እንደሚወጣልኝ አበልጄ ያያታል!»

«የታለ ታዲያ ሰዉ?»

«ይመጣል። ማሽኑን ሲሰማ መቼ ቀርቶ ያውቃል?»

ማንም አልመጣም። ምን ሊያደርግ ይምጣ? ማለዳ ሁሉም ሰብሳቢውን በዓይኑ አይቶታል። «ዛሬስ እኛን አይፈልግም» ብሎ ገሚሱ ባቄላው ውስጥ ገብቷል፣ ገሚሱ ገበያ ወጥቷል። ሰውየው ማሽኑን አጥፍቶ መንገድ መንገዱን ያያል፤ መንገዱ ላይ ግን ሰው የለም። ያኔ ከተራራው በስተጀርባ ነጎድጓድ ተሰማ።

ባልና ሚስት ቤል እየተሸከሙ መሮጥ ጀመሩ። ሁለት ሰው ያንን መስክ ምን ሊያደርገው! ዝናቡ ወንዙን ተሻግሮ ሲመጣ ይታያቸዋል። አበልጁ ይህን ከማዶ አይቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እየሮጠ ደረሰ።

«ሰብሳቢው የታለ? ተሰበረብህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«አዎ፣ ተሰበረ» አለ ሰውየው።

አበልጁ ዞር ሲል ቁጥቋጦው ሥር አየው። ምንም አልሆነም፤ በሩም ደህና ነው፣ ማያያዣው ብረትም ላዩ ላይ ተቀምጧል። ብረቱን አየ፣ ሰውየውን አየ። ጎንበስ ብሎ አንድ ቤል ትከሻው ላይ አደረገና በዝናቡ ውስጥ ሮጠ።

ጥቂቱን አዳኑ። የቀረው ዝናቡን እስኪበቃው ጠጣ። ሰውየው ሲያባራ እርጥቡን እንዳለ መጋዘን አስገባው፤ እዚያ ጋለ፣ ሻገተ፣ ላሞቹም አሽትተው ዞር አሉ። በጋው ሲጠና ጎድናቸው ይቆጠር ጀመር፤ አንዷማ ተኝታ መነሳት አቃታት። ያን ጊዜ አበልጁ ድርቆሽ በጋሪ ጭኖ ላከ። ሚስትየው አንገቷን ደፍታ እያለቀሰች ተቀበለች። እሱስ? በር ላይ ቆሞ ጋሪውን አየና፣ «ምን ያህል ቢተርፈው ነው ለእኔ የሚልከው?» አለ። ላሞቹ እየበሉ እሱ ተቃጠለ።

ይኸው ነው ታሪኩ። አሁን ወዳንተ ልምጣ።

ማንን በደልኩ ነው ያልከኝ? ያ ሰው አበልጁን አልበደለም። የአበልጁ ድርቆሽ ደርቆ ገባ፣ ላሞቹም ወፈሩ። የተራቡት የእሱ ናቸው፤ የለቀሰችውም የእሱ ሚስት ናት። ደግሞ ልብ በል። ያ ሰብሳቢ ብረት ነው፤ ብረት ሆኖ እንኳ ሲሞላ በሩን ከፍቶ ይለቃል። አንተ የልብስ ሰፊውን ደንበኛ አንድ በአንድ ልብህ ውስጥ ስትደረድር ትውላለህ፤ በሩን ግን አትከፍተውም። ማታ ቤትህ ድረስ ጎትተኸው ትገባለህ። ሚስትህ ሳቅ ትቷል ብላ የነገረችኝ ለምን መሰለህ?

ባለፈው ሳምንት ያ ልብስ ሰፊ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በዝቶበት ግማሹን ላንተ ላከልህ። «ሥራ በዝቶብኛል» ብለህ መለስክለት። ማን ነገረዎ አትበለኝ። በዝቶብህ ነበር? የዚያን ዕለት የስፌት መኪናህ ሥር አንድ ቁራጭ ጨርቅ አልገባም፤ ልጆችህም ክፍያ አልደረሰም ተብለው ከትምህርት ቤት ተመለሱ። ማያያዣውን የመዘዝከው ያን ዕለት ነው፣ ወንድሜ። ሰውየው ዛሬም ሱቁን አልዘጋም፤ ዩኒፎርሙም ገና አላለቀለትም። መንገድ ተሻግረህ «አምጣው፣ ላግዝህ» በለው። ተነስ እንጂ! ዳመናውን ነው የምትጠብቀው?