መምጣት የማይችለው ጡረተኛ

በአንድ ከተማ የጡረታ ቢሮ ውስጥ አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ፣ ለሰው ሳይሆን ለደንብ የሚሳሱ ኃላፊ ነበሩ። ቢሮው አዲስ የክፍያ ሶፍትዌር ሲያስገባ ባለሙያው፣ «መምጣት ለማይችሉ ጡረተኞች ለወኪላቸው የሚከፈልበትን ክፍል ልክፈተው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ዝጋው! ሁሉም በእግሩ ይምጣ» አሉት።

ክፍያ ሲጀመር አንዲት ምላሰኛ የጉልት ነጋዴ የባሏን ውክልና ይዛ ቀረበች። ባሏ የቀድሞ የመንገድ ሥራ ሹፌር ነው፤ ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ከዋለ ከርሟል። መድኃኒቱ የሚገዛው በዚያችው ጡረታ ነበር።

አቶ ልሳነወርቅ ውክልናውን በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «ይሄ አይበቃም» አሉ። «ባልሽ ራሱ እዚህ ድረስ ይምጣና፣ መምጣት እንደማይችል በፊቴ ይፈርም።»

የተሰለፉት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሴትዮዋ ግን አልጮኸችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«እሺ ጌታዬ፣ ተሸክሜም ቢሆን አመጣዋለሁ» አለች። «እሱ መጥቶ መምጣት እንደማይችል ሲፈርም፣ እርስዎም ትንሽ ያስቡና ማሰብ እንደማይችሉ ይፈርሙልኛል።»