አጥንት የተረፈበት ተረት

አንድ ጊዜ አንበሳ ለአራስ ሚስቱ ያስቀመጠው የጎሽ ሥጋ ጠፋ። ሥጋውን ከትልቁ ሾላ ጫፍ ላይ የሰቀለው በአንበሳ የታዘዘው ነብር ነበር። አሁን ዛፉ ላይ ምንም የለም፤ ከሥሩ ግን አጥንት ተበታትኗል።

አንበሳ አውሬውን ሁሉ ለአውጫጭኝ ጠራ። በደንቡ መሠረት ሌባው እስኪለይ ድረስ ማንም ከዛፉ ሥር አይነሣም፤ ውሃም አይጠጣም። ፀሐይዋ ከረረች፤ ጉሮሮ ሁሉ ደረቀ። በመጨረሻ የሰፈሩ ተረት ነጋሪ ቀበሮ፣ ጥሙ ሲብስባት ለመናገር ቆመች።

«ጌታዬ አንበሶ፣ እኔ መቼም ከተረት ሌላ አላውቅም» አለች አንገቷን ደፍታ። «አንድ ሆዳም ጅብ ነበር። ሥጋ ሸተተው። ዛፉ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ፣ እስኪጠግብ በላ፣ አጥንቱን ወርውሮ ሄደ።»

ሁሉም ሳቀ። «ቁርጥ አያ ጅቦን» አለች ጦጣ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ነብር ነበር።

አንበሳ ግን አልሳቀም። «ጅብ፣ ልጆችህን ይዘህ ከዚህ ሸለቆ ውጣ» አለ። ከሸለቆው ውጭ ጠብታ ውሃ የለም፤ የጅብ ልጆች ደግሞ ገና እግራቸው አልጠናም።

ጅብ ነገር ቶሎ አይገባውም። አጥንቱን አየ፣ ዛፉን አየ፣ መልሶ አጥንቱን አየ። ከዚያ የማጅራቱ ፀጉር ቆመ።

«እመት ቀበሮ፣ ስለ እኔ ስታወሪ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ፣ አያ ጅቦ።»

«ዛፍ ስወጣ አይተሽኛል?»

«ተረት ነው እኮ። ጅብ ያው ጅብ ነው፤ ምን ማየት ያስፈልጋል።»

«ሆዳም ነኝ፤ አልክድም» አለ ጅብ በንዴት። «ሞኝም በይኝ። ግን ዕድሜሽን ሙሉ ስታላምጪኝ ኖረሽ አንድ ቀን እንኳ ስበላ አላየሽኝም። እኔ ነኝ አጥንት የምወረውር?»

ሳቁ ቆመ። አህያ ከኋላ ወጣች። ጅብን ትፈራለች፤ ቢሆንም ተናዳለች።

«እኔም ሳቅሁ፤ አሁን አፈርኩ» አለች። «ይህ ጅብ ወንድሜን በልቶብኛል። ልቀብረው ብሄድ ሰኮናውን እንኳ አላገኘሁም። እጠላዋለሁ። የምጠላው ግን እሱን ራሱን ነው፤ ቀበሮ የፈጠረችውን አይደለም። ይህን አጥንት የተወው ሌላ ነው፤ ዛፍ መውጣት የሚችል።»

ሁሉም ዞሮ ነብርን አየ። ነብር መዳፉን ይልስ ነበር፤ ምላሱ ባለበት ቀረ።

አንበሳ ነብርን ከሸለቆው አባረረው። ቀበሮ ሹልክ ልትል ስትል ጭራዋን ረገጠ።

«አንቺ ደግሞ ከእንግዲህ ስለ ማንም ከማውራትሽ በፊት ደጁ ሰባት ቀን ትቀመጫለሽ። ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ልጆቹን ምን ብሎ እንደሚጠራ ታያለሽ።»

«ከማን ደጅ ልጀምር፣ ጌታዬ?»

አንበሳ ወደ ጅብ አመለከታት። ጅብ ፈገግ ሲል ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«ነይ፣ እመት ቀበሮ» አለ። «አጥንት እንዴት እንደሚበላ አሳይሻለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ደጁን ሳንረግጥ፣ ሲበላና ሲፈራ ሳናየው የፈጠርነው ገጸ ባሕርይ የገዛ ስንፍናችን መልክ እንጂ እውነተኛው ባለታሪክ እንዳልሆነ፣ በዚያ ስንፍና የሚጠማው ደግሞ በሕይወት ያለው ባለታሪክ ከነልጆቹ መሆኑን ነው።