የይቅርታው ደብዳቤ

ነገር ሁሉ የተበላሸው ለውጭ አገር ትምህርት የተመረጠው ሰው ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የወጣ ዕለት፣ ሰኔ ዐሥራ አራት ቀን ነው። ዕድሉ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ተማሪዎችን ለእንግሊዝኛ ፈተና ሲያዘጋጅ የኖረ አንድ መምህር በመምረጫው ፈተና ከመቶ ዘጠና አንድ አምጥቶ ነበር። የወጣው ግን የኮሌጁ ዲን የሚስት ወንድም ስም ነው። የዚህ ሰው ውጤት ግን አልተለጠፈም።

መምህሩ አቤቱታ አስገባ። ዲኑ ዶክተር አስራደ መምህራኑን ሁሉ ሰበሰቡና ራሳቸው የጻፉትን ደብዳቤ ለመምህሩ ሰጡት።

«ጮክ ብለህ አንብብና ፈርም። አለዚያ ከነገ ጀምሮ ክፍል አትገባም።»

መምህሩ ወረቀቱን ይዞ ቆመ።

«ምን ይገትርሃል? እንግሊዝኛ አይደለም እኮ፣ አማርኛ ነው!»

አነበበ፦ «የእኔ ውጤት ከተመረጠው ሰው እንደሚያንስ አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከዚያም ፈረመ።

«ዶክተር፣ ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውጤትን ከሰው ጋር ሲያነጻጽሩ ስሕተት ነው ብዬ ኤክስ አደርግባቸዋለሁ። እርስዎ የጻፉት ግን እውነት ነው። ዘጠና አንድ ከባለቤትዎ ወንድም በጣም ያንሳል፤ ሁላችንም አይተነዋል። አሁን ደግሞ ውጤትን ከውጤት ጋር እናነጻጽር። እሱ ስንት አመጣ? ይመልሱልኝ እንጂ!»