ስልክ የማይችለው ዳይሬክተር

አንድ መሥሪያ ቤት አርብቶ አደሮች የከብቶቻቸውን የክትባት ቀን የሚያዩበት መተግበሪያ አሠራ። በሁሉም ዓይነት ስልክ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። ዳይሬክተሩ አቶ አስፋቸው ግን ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የእርሳቸው ትልቅ ፎቶ እንዲሆን አዘዙ። በእርሳቸው ውድ ስልክ ያለ ችግር ተከፈተ። በአርብቶ አደሮቹ ርካሽ ስልኮች ላይ ግን ፎቶው ብቅ ሲል መተግበሪያው ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ቀኑ ያለፈባቸው ከብቶች መታመም ጀመሩ።

ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው መተግበሪያውን የሠራችውን ባለሙያ አስነሧት።

«ምክንያቱን እዚሁ ተናገሪ» አሏት። «ፎቶው ነው የሚል ሰው ግን ከነገ ጀምሮ እዚህ አይሠራም።»

«ኧረ ፎቶው ምን አደረገ፣ ክቡር ዳይሬክተር!» አለች። «ጥፋቱ የስልኮቹ ነው። እርስዎ ከባድ ሰው ነዎት፤ እነሱ ደግሞ አቅመ ቢስ ናቸው፤ ሊሸከሙዎት አልቻሉም።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ጀመር። አቶ አስፋቸው ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እርስዎን የመሰለ ከባድ ሰው» አለች፣ «በማንም ስልክ ላይ አይታይም።»

ፎቶው በዚያው ቀን በራሳቸው ትእዛዝ ወረደ።