የሰዓቱ ጭራ

አንዲት ምላሰ ስል ፕሮግራመር ከየአገሩ ቅርንጫፍ የሚላከውን የስብሰባ ሰዓት የሚያነብ ፕሮግራም ሠራች። ከእያንዳንዱ ሰዓት ኋላ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ የሚናገር ምልክት አለ። «ክቡር» ካልተባሉ ዞር ብለው የማያዩት ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡር አቶ ተሾመ፣ ምልክቱን ሲያዩ ጠሯት።

«ይሄ ጭራ ምንድን ነው? ሰዓት እንደሆነ ሰዓት ነው! ዛሬውኑ ቁረጪው፤ አለዚያ አንቺም ከነጭራሽ ውጪልኝ።»

ትንሽ አሰበችና ጮክ ብላ፣ «እሺ፣ ተሾመ!» አለች።

እሳቸው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት በር ላይ የቆመው ዘበኛ፣ እሱም ስሙ ተሾመ ነውና፣ «አቤት!» እያለ ገባ።

«አንተን ማን ጠራህ!» ብለው ጮኹበት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «‹ክቡር› የሚለውስ የት ገባ?» አሏት።

«ቆረጥኩት» አለች። «ስም እንደሆነ ስም ነው።»